የቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የመጀመሪያ የንግሥና ዓመታት ፈተናዎች

ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የእንግሊዝን ዙፋን የወረሰችው እኅቷ ሜሪ በሞተችበት ዕለት፣ ኖቬምበር 17 ቀን 1558 (እ.ኤ.አ.) ነው። ዕድሜዋ 25 ነበር።

መጀመሪያ የገጠማት የውልደቷ ጉዳይ ነው። በ1536 የወላጆቿ የሄንሪ 8ኛና የአን ቦሊን ጋብቻ ሲፈርስ ሕጉ ዲቃላ አላት። የ1544ቱ የአልጋ ወራሽነት ሕግ ወደ ተራዋ ቢመልሳትም ያንን ቃል አልሰረዘም። የፈረንሳይ አልጋ ወራሽ ሚስት የነበረችው የስኮትላንዷ ሜሪ ስቱዋርት የእንግሊዝን አርማ በራሷ አርማ ላይ ለማከል የደፈረችውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የከበደው ሃይማኖት ነበር፤ እኅቷ ሜሪ ካቶሊክ ስትሆን እሷ ፕሮቴስታንት ነበረች። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ካርዲናል ፖል ከእኅቷ ከሜሪ ጋር በአንድ ቀን ስለ ሞተ መንበሩ ባዶ ነበር፤ የዮርኩ ሊቀ ጳጳስ ሂዝም ዘውድ አልጭንም አለ። ጃንዋሪ 15 ቀን 1559 ዘውዱን የጫነላት የካርላይሉ ጳጳስ ኦግልቶርፕ ነው። በላይኛው ምክር ቤት ጳጳሳቱ ቤተ ክርስቲያንን ከሮማው ፓፓ ሥልጣን የሚያወጣውን ረቂቅ ሕግ ገትረው ያዙ። በፋሲካ ሰሞን የዊንቸስተርና የሊንከን ጳጳሳት በለንደን ግንብ ታሰሩ፤ ንግሥቲቱም «የቤተ ክርስቲያን የበላይ ራስ» መባልን ትታ በአስተዋይነት «የበላይ ገዥ» የሚለውን ወሰደች። ያም ሆኖ የጸሎት ሥርዓትን አንድ የሚያደርገው ሕግ ያለፈው 21 ለ18 በሆነ ድምፅ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የቀረ ሰው 12 ፔንስ ይቀጣ ነበር። በእንግሊዝና በዌልስ ከነበሩት ጳጳሳት ንግሥቲቱን የቤተ ክርስቲያን የበላይ ገዥ አድርጎ የሚቀበለውን መሐላ የፈጸመው የላንዳፉ ኪቺን ብቻ በመሆኑ፣ መንበሮቹን እንደ አዲስ መሙላት ግድ ሆነ።

በእንግሊዝ ይዞታ የነበረው የካሌ ወደብ በጃንዋሪ 1558 በፈረንሳይ እጅ ወድቆ ነበር፤ ከፈረንሳይ ጋር የተደረገው የ1559ኙ የሰላም ውል ለ8 ዓመት በፈረንሳይ እጅ አቆየው።

ብልኅነቷ ጎልቶ የታየው በገንዘብ ነው። በአባቷና በወንድሟ ዘመን የብር ሳንቲም በመዳብ ስለ ተበረዘ፣ ሰው ጥሩውን ደብቆ መጥፎውን ለገበያ ያወጣ ነበር፤ ዋጋም ናረ። በሴፕቴምበር 1560 በወጣው አዋጅ በ6 ፔንስ ይሄድ የነበረው ቴስቱን የተባለው የብር ሳንቲም ወደ 4½ ፔንስ፣ እጅግ የረከሰው ደግሞ ወደ 2¼ ፔንስ ዝቅ አለ። ሁለቱ በዓይን ስለማይለዩ በተሻለው ላይ በሳንቲሙ ካለው የንጉሡ ምስል ፊት ለፊት የግንብ በር ፍርግርግ፣ በከፋው ላይ ከምስሉ ኋላ የአዳኝ ውሻ ምስል እንዲመታ ተደረገ። ከዚያ አሮጌው ተሰብስቦ ቀለጠ፤ ብሩ ከመዳቡ ተለይቶ አዲስ ሳንቲም ወጣ። ሥራው በ1561 ተጠናቀቀ።

በጋብቻ ረገድ የስፔኑ ፊሊፕ 2ኛ ጠይቋት ነበር፤ ፓርላማውም ይወተውታት ነበር። የወዳጇ የሮበርት ደድሊ ሚስት ኤሚ ሮብሳርት ሴፕቴምበር 8 ቀን 1560 ከደረጃ ሥር ሞታ ስትገኝ የአሟሟቷን ምክንያት የመረመረው ሸንጎ በአደጋ ነው ብሎ ወሰነ፤ አንዳንዶች አሁንም ይጠራጠራሉ። ንግሥቲቱ እጅ እንዳለባት የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም። በኦክቶበር 1562 ሃምፕተን ኮርት ውስጥ በፈንጣጣ ለሞት ስትቃረብ ወራሽ አልተሰየመም ነበር። በ1563 የተሰበሰበው ፓርላማ እንድታገባ ወይም ወራሽ እንድትሰይም ሲለምናት ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠችም።