የጡት ማጥቢያ ክፍል ምንድን ነው?

መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለች እናት ልጇን የምታጠባበት፣ ልጇ ቤት ከቀረ ደግሞ ወተቷን አልባ የምታስቀምጥበት ክፍል ነው። ከሕፃናት ማቆያ ጋር አይምታታ። ማቆያ ሞግዚት፣ አልጋና ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። ይሄኛው ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ መደገፊያ ያለው ወንበር፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ሶኬትና ትንሽ ፍሪጅ ካለው ይበቃዋል።

ለምን ያስፈልጋል? ቀኑን ቁጠሩት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ ደግሞ 90 ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ ፈቃድ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ሕፃን እስከ 6 ወሩ ከእናት ጡት ወተት ሌላ ውኃም ቢሆን አይቅመስ ይላል። 90 ቀን 3 ወር ነው። የቀረው 3 ወርስ? ሴት ልጅ የወለደችማ ጥድፊያው ይብስባታል። ክርስትናው በ80 ቀን ነው፤ ለድግሱ የተዋሰችው ድስት ለጎረቤት ሳይመለስ ሥራ መግቢያዋ 10 ቀን ይቀረዋል።

ወተት የሚመረተው በሚጠባው ልክ ነው። ሲጠባ ወይም ሲታለብ ሰውነት ይጨምራል፤ ሳይታለብ ሲውል ይቀንሳል። እስኪቀንስ ድረስ ግን እናትየዋ አሳሯን ታያለች። ጡት ይወጠራል፣ ያማል፣ ሲብስ ቆስሎ ትኩሳት ያመጣል።

ጣና ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የምትሠራ አስተናጋጅ አውቃለሁ። ቤቷ ዓባይ ማዶ ነው፤ የ4 ወር ልጇ ከእናቷ ጋር ይውላል። ቁርስ አልቆ ምሳ እስኪደርስ ትሪ ይዛ ስትመላለስ ክንዷን ከጎኗ ማስጠጋት ያቅታታል። ዩኒፎርሙ ነጭ ሸሚዝ ስለሆነ ከውስጥ ሶፍት አጥፋ ትደርባለች። ሲብስባት ሱፐርቫይዘሯን «እትዬ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብላ ታስፈቅድና ወደ አንሶላና ፎጣ ስቶር ትገባለች። በሩ አይቆለፍም። በጀርባዋ ደግፋው ታልባለች። ያለበችውን ትደፋዋለች፤ የት ታስቀምጠው? ያ ሆቴል ለሙሽሮች ፎቶ ብቻ የተሠራ ጎጆ ሐይቁ ዳር አለው።

መድፋቱ ነው የሚያንገበግበኝ። በንጹሕ ክዳን ባለው ዕቃ የተቀመጠ የጡት ወተት ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት 4 ሰዓት ያህል፣ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ባሕር ዳር በሚያዝያ ከዚያ በላይ ስለምትሞቅ ያለ ፍሪጅ አይሆንም። መብራት ይጠፋል የሚል ሰበብ እንዳይመጣ፤ በእጅ ማለብ መብራት አይፈልግም። ወተቱን ለማቆየትም በደንብ የቀዘቀዘ በረዶ ያለበት የማቀዝቀዣ ሣጥን አንድ ቀን ይይዛል። ሆቴል ውስጥ ደግሞ በረዶ አይጠፋም።

ከክፍሉ በላይ የሚከብደው ሰዓቱ ነው። በአንድ የሥራ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያስፈልጋታል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 183 የማጥቢያ ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ ይከፈልበት ብሏል። ክፍል ሠርቶ ሰዓት የሚከለክል አለቃ ቁልፍ ያለው ስቶር ነው የሠራው። ለማርች 8 ኬክ ቆርጦ ፎቶ የሚነሣውም እንደዚያው።

ሌላው ድጋፍ በአብዛኛው አዋጁ ውስጥ አለ። ነፍሰ ጡር ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ክልክል ነው፤ ትርፍ ሰዓትም እንዲሁ። ለእርግዝና ምርመራ የሄደችበት ጊዜ ይከፈላታል፣ የሐኪም ማስረጃ ግን ልትጠየቅ ትችላለች። ለአባት 3 ቀን ከነደመወዙ አለው። ትንሽ ናት፤ ግን ስንቱ አባት እሷንም ሳይጠይቅ ይቀራል።

ክፍሉን መጠየቂያው ጊዜ ከፈቃድ ስትመለሱ አይደለም። ያኔ ወተቱ አይጠብቃችሁም። ሆዳችሁ ገፋ ሲል፣ ከተቻለ የወለዱትንም ያልወለዱትንም ይዛችሁ፣ ሁለት ሦስት ሆናችሁ የሰው ኃይል ቢሮ ግቡ። ምን እንደምትፈልጉ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ወንበር፣ ቁልፍ፣ ፍሪጅ፣ ሰዓት። ዝርዝሩ አጭር መሆኑን ሲያዩ እምቢ ማለቱ ይከብዳቸዋል።

ካፌና ፀጉር ቤት ያላችሁ ደግሞ ቦታ የለንም አትበሉ። መጋረጃና ወንበር ለመነሻ ይሆናል። ቤቷ ቅርብ ከሆነ በባጃጅ ደርሳ አጥብታ ትመለስ፤ ወይም አያትየዋ በምሳ ሰዓት ልጁን ይዘው ይምጡ። በረኛው «ሕፃን ይዞ መግባት አይቻልም» ብሎ እንዳይመልሳቸው ግን ቀድማችሁ ንገሩት።