«ሊትሬቸር የለም» ማለት የለም ማለት አይደለም

«ርዕሱ ጥሩ ነበር፣ ግን ሊትሬቸር የለም።» ስድስት ኪሎ በር ላይ ቡና ስትጠጡ ይህን አረፍተ ነገር ሳትሰሙ አትነሱም። ለመመረቂያ ጽሑፌ በመረጥኩት ርዕስ ላይ ቀድሞ የተጻፈ ጥናት አጣሁ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የሚሰጥ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የሚባል ትምህርት አለ። አንዱ ሥራው ሰው መረጃን እንዴት እንደሚፈልግ፣ ሲያገኘውም ምን እንደሚያደርገው ማጥናት ነው። የተማርኩት እሱን ነው። ዘመዶቼ ግን እስከ ዛሬ «መጽሐፍ መደርደር ተማረ» ነው የሚሉት። ይሁን። ሰው ስለ ፍለጋ የሚያምናቸውን የተሳሳቱ ነገሮች እነሆ።

«ግራ ከገባህ ርዕስህ አይሆንም»

ብዙ ተመራቂን የሚያሰናክለው ይሄ ነው። አሜሪካዊቷ ካሮል ኩልታው ተማሪዎች ለጽሑፍ ሥራ መረጃ ሲፈልጉ ምን እንደሚያደርጉ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚሰማቸውም አጥንታለች። ፍለጋን በስድስት ደረጃ ከፈለችው። መጀመሪያ ሥራውን ስትቀበል ትጨነቃለህ። ሁለተኛው ላይ ርዕስ ትመርጥና ደስ ይልሃል። ሦስተኛው ላይ ማንበብ ስትጀምር ደስታው ይጠፋል። አንዱ ጽሑፍ ሌላውን ይቃረናል፣ ያወቅከው የመሰለህ ሁሉ ይምታታል። ብዙ ሰው ርዕስ የሚቀይረው ወይም አማካሪውን መሸሽ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። የሚገርመው፣ መጠራጠሩ የሚከፋው እዚሁ ደረጃ ላይ መሆኑ የተለመደ ነው። አራተኛው ላይ ጥያቄህ ጠበብ ይልና ልብህ ይረጋል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት አንብበህ ጭንቅላትህ ከዞረ ርዕሱን አትጣለው፣ ገና መንገድ ላይ ነህ።

እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ርዕስ ቀይሬያለሁ። ይህን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

«ጎበዝ ሰው በአንድ ሰርች ያገኛል»

ማርሺያ ቤትስ የተባለች ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ፍለጋን በእንጆሪ ለቀማ መሰለችው። ገጠር ያደገ ሰው አጋም ለቀማን ያስታውስ። ከአንዱ ቁጥቋጦ ሁለት፣ ከሌላው ሦስት እየተለቀመ ነው እፍኝ የሚሞላው። መረጃም እንደዚያው ነው፤ በየመንገዱ ትለቅመዋለህ፣ እየለቀምክም ጥያቄህ ራሱ ይቀየራል። ማክሰኞ የጻፍከው የፍለጋ ቃል ለሐሙስ ላይሠራ ይችላል። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ካገኘህ መጨረሻው ላይ ያሉትን ምንጮች ተከተል። ከዚያ የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጉግል ስኮላር ላይ እሱን የጠቀሱትን ክፈት።

«የአሁን ልጆች ስልክ ይዘው ስለተወለዱ ፍለጋ ያውቃሉ»

አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ2008 የለንደን አጥኚዎች ይህንኑ መርምረው ነበር። ወጣቶቹ ኮምፒውተሩን አይፈሩም፤ ያገኙትን ነገር ለመመዘን ግን ጊዜ አይሰጡም። ላይ ላዩን አይቶ ወደ ሌላው መዝለል ደግሞ የወጣት ብቻ አልሆነም። ፕሮፌሰሮቹም ያው ነበሩ።

«ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈ ነገር ጉግል ላይ ከሌለ፣ የለም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህ የእኛው ችግር ነው። በመጀመሪያ ስማችን። የውጭ ካታሎጎች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዙታል። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ አንዳንድ ቦታ «ዘውዴ» ተብለው ነው የሚገኙት። ስለዚህ ሁለቱንም ሞክር። «መኮንን» የሚለው ስም ደግሞ በላቲን ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ይጻፋል።

ሁለተኛው ፊደላችን ነው። ለእኛ «ሥራ» እና «ስራ» አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ፀሐይ» ብለህ ያጣኸውን «ጸሃይ» ብለህ ልታገኘው ትችላለህ። ሦስተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው፤ መጽሐፉ ላይ 1966 የሚለው የእኛ ከሆነ የፈረንጆቹ 1973 ወይም 1974 ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ኢንተርኔት ላይ ያልወጣ ወረቀት ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ነው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም ሩቅ አይደለም። ስልክህን ኪስህ ከትተህ ግባ።

«ሰው መጠየቅ ስንፍና ነው»

ምሁራን ራሳቸው የሚያደርጉት ነው። ኢንፎርሜሽን ሳይንስ «የማይታይ ኮሌጅ» ይለዋል፦ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ጽሑፉ ሳይታተም በፊት እርስ በርስ ይለዋወጣሉ። የላይብረሪ ሠራተኛዋንም ጠይቃት። ከእኔም ከአንተም ይበልጥ መደርደሪያውን የምታውቀው እሷ ናት።

«ድረ ገጹ ለጽሑፉ ዶላር ከጠየቀ አበቃ»

አላበቃም። ጉግል ስኮላር ከጽሑፉ ሥር ሌሎች ቅጂዎችን ያሳያል፤ ብዙ ጊዜ አንዱ ነፃ ነው። የጤና ተማሪ ከሆንክ ሂናሪ አለ። የጤና ጆርናሎችን በነፃ ወይም በርካሽ የሚያስነብብ ፕሮግራም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው እንደ እኛ ላሉ አገሮች ተቋማት ነው። የይለፍ ቃሉን ተቋምህ ላይብረሪ ጠይቅ። እሱም ካልሆነ ለጸሐፊው ኢሜይል ላክ። ጽሑፌን የሚያነብ ሰው ተገኘ ብሎ የሚደሰት ብዙ ነው።

«ኤአይ ምንጩንም ጭምር ሰጠኝ»

ሰጠህ፣ ግን ምንጩ አለ ወይ? እነዚህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች እውነተኛ የሚመስል ርዕስ፣ ጆርናልና ዓመት ከራሳቸው ይፈጥራሉ። አንድ ልጅ አምስት ምንጭ ይዞ መጥቶ አብረን ፈለግን። አራቱ የትም የሉም። አምስተኛው አለ፣ ግን ስለ በቆሎ ነው። የእሱ ርዕስ የኮንዶሚኒየም ውኃ ነበር።