«ሊዘንብ ይችላል» ሲባል ምን ማለት ነው? ስለ ዕድል የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ስልካችን «የዝናብ ዕድል 30 በመቶ» ይለናል። ሬዲዮው «ሊዘንብ ይችላል» ይላል። ክረምቱ ሲቃረብ ደግሞ «ከመደበኛ በላይ ዝናብ የማግኘት ዕድል» የሚል ትንበያ እንሰማለን። ሁሉም የሚናገሩት ሊሆንም ላይሆንም ስለሚችል ነገር ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ፣ በጣና ዙሪያ ማሳውም ጀልባውም ሰማይ አይቶ አዳሪ ስለሆነ፣ ይህን አነጋገር በትክክል መስማት ብዙ ኪሳራ ያድናል።

«ወይ ይዘንባል ወይ አይዘንብም፤ ሃምሳ በሃምሳ ነው»

ውጤቱ ሁለት ስለሆነ ብቻ ዕድሉ እኩል አይካፈልም። ባሕር ዳር በሐምሌ አጋማሽ ዝናብ የማያየው ቀን ጥቂት ነው፤ በጥር ደግሞ የሚዘንብበት ቀን ብርቅ ነው። ጥያቄው በሁለቱም ወር አንድ ነው፣ ዕድሉ ግን በጣም የተራራቀ ነው።

«30 በመቶ ብሎ ዘነበ፤ ትንበያው ውሸት ነው»

ቁጥሩ ዝናብ አይኖርም አላለም። አየሩ እንዲህ በሆነባቸው 10 ቀናት ውስጥ በ3ቱ ገደማ ይዘንባል ነው ያለው፤ ዛሬ ከ3ቱ አንዱ ሊሆን ይችላል። የከተማው 30 በመቶ ይረጥባል፣ ወይም ከቀኑ 30 በመቶውን ሲዘንብ ይውላል ማለትም አይደለም።

ትንበያን በአንድ ቀን መፍረድ አይቻልም። 30 በመቶ የተባለባቸውን ቀናት ለወራት መዝግቦ ቢታይና ግማሾቹ ዘንቦባቸው ቢገኝ፣ ያኔ በእርግጥ ትንበያው ተሳስቷል። አማርኛችን ራሱ ለዚህ ደረጃ አለው፦ «ይዘንብ ይሆናል» ያለ ሰውና «ሳይዘንብ አይቀርም» ያለ ሰው እኩል አልተናገሩም። ሁለቱንም «ይዘንባል» ብለን ሰምተን ሲቀር ተናጋሪውን መውቀስ ፍትሕ አይደለም።

«30 በመቶ ትንሽ ነው፤ ይናቃል»

ይህ የሚወሰነው ሊጠፋ በሚችለው ነገር መጠን ነው። ልብስ አጥቦ ላሰጣ ሰው 30 በመቶ ይናቃል፤ ቢረጥብ ነገ ይደርቃል። ወረታ አካባቢ የታጨደ ሩዝ ዘርግቶ ለሚያደርቅ ገበሬ ግን ያው ቁጥር ሌላ ትርጉም አለው። ሸራ ማልበሱ ጉልበቱን ጨምሮ 500 ብር ቢያስወጣውና ሩዙ ቢረጥብ 5,000 ብር የሚያጣ ቢሆን፣ ዕድሉ ከ10 በመቶ ባለፈ ቁጥር ማልበሱ ያዋጣዋል። ትንበያውን የሚሰጠው ባለሙያው ነው፤ ውሳኔው ግን የባለ ሩዙ ነው፣ የሚያጣውን የሚያውቀው እሱ ነውና።

በታንኳ ሐይቅ ለሚገባ ሰው ሚዛኑ ይበልጥ ይከብዳል። ለነፍስ ዋጋ አይቆረጥላትም፤ ስለዚህ ትንሽ የማዕበል ዕድልም ጉዞን ለማዘግየት በቂ ምክንያት ነው።

«መደበኛ ከተባለ ክረምቱ ጥሩ ነው»

ለአንድ ወቅት በሙሉ በሚሰጥ ትንበያ አሠራር፣ ያለፉት ዓመታት ዝናብ፣ ብዙ ጊዜ የ30 ዓመት፣ በመጠን ተደርድሮ ለሦስት ይከፈላል፦ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም መረጃ ባይኖር ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 33 በመቶ ገደማ ነው። ለምሳሌ «ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ» ቢባል፣ ሚዛኑ ወደ ላይ አጋደለ እንጂ ነገሩ አልተቆረጠም፤ ከመደበኛ በታች የመሆኑ ዕድል አሁንም ከ5 አንድ ነው።

በዚያ ላይ የሚነገረው የወቅቱ ድምር ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ፣ በመሃል ቀጥ ብሎ፣ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ቢወርድ ድምሩ «መደበኛ» ሊሆን ይችላል፤ ጤፉና ሩዙ ግን አይድኑም። «ከመደበኛ በላይ» የሚለውም ለሁሉም የምሥራች አይደለም። የርብና የጉማራ ወንዞች ለሚሞሉበት ፎገራ፣ የመገጭ ወንዝ ለሚያጥለቀልቀው ደንቢያ፣ ያው ቃል ማስጠንቀቂያ ነው።

«ዘንድሮ ከደረቀ ከርሞ ይክሳል»

ዝናብ ዕዳ የለበትም። ያለፈው ዓመት ጉድለት የመጪውን ዕድል አያሳድግም። ዕድሉን የሚያዛባው ሌላ ነው፤ ለምሳሌ የፓስፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የሚፈጠረው ኤል ኒኖ የሰሜን ኢትዮጵያን የክረምት ዝናብ የመቀነስ ዝንባሌ አለው። ስለ ከርሞ ማወቅ የፈለገ ሰው የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን መረጃ ነው።

«የመቶ ዓመት ጎርፍ ካለፈ፣ መቶ ዓመት እናርፋለን»

በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው፤ ሰዎች ቤታቸውን መልሰው እዚያው እንዲሠሩ ያደርጋልና። «የመቶ ዓመት ጎርፍ» ማለት በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ የሆነ ጎርፍ ነው። አምና መጥቶ ዘንድሮም ሊመጣ ይችላል። አንድ ቤት በዚህ ጎርፍ መንገድ ላይ 30 ዓመት ቢቆም፣ ቢያንስ አንዴ የመመታት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ይደርሳል። መቶ ዓመት ሙሉ ቢቆምም እርግጥ አይሆንም፤ 63 በመቶ ነው።

ዕድሉም ባለበት አይቆይም። ከተራቆተው ተራራ የሚመጣው ደለል የወንዙን ወለል ከፍ ሲያደርግ፣ ድሮ ወንዙን ያልሞላ ዝናብ ዛሬ ከዳሩ ያስወጣዋል።

«ስለ ክፉ ነገር ማውራት ማሟረት ነው»

ይህ አባባል ከፍቅር የሚመጣ ነው፤ ሰው ለወገኑ ክፉ አይመኝም። ነገን የሚያውቅ ፈጣሪ ነው የሚሉ አባቶችም እውነታቸውን ነው፤ ስለ ዕድል መናገር ነገን ስለማናውቅ የሚደረግ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የፎገራና የደንቢያ ሜዳ በጎርፍ ተጥለቅልቆ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል። በሰኔ ቤተሰብ ተቀምጦ «ውሃው ቢመጣ እህሉን የት እንሰቅላለን? ከብቱን ወደ የትኛው ጉብታ እንነዳለን? እማማን ማን ይሸከማል?» ብሎ ቢነጋገር ጎርፉ የመምጣት ዕድሉ በአንዲት ጠብታ አይጨምርም። የመንደሩን ቦይ መጥረግም ሆነ የማኅበሩን መጠባበቂያ ገንዘብ አለመንካት እንዲሁ ነው። ወንዙ ከሞላ በኋላ፣ በሌሊት፣ ይህን ለመወሰን ጊዜ አይገኝም።