ብሪጅድ ኔትወርክ ምንድን ነው? የቪኤም ኢንተርኔትስ ለምን ይቆራረጣል?

ጅማ ውስጥ ሊኑክስና ሰርቨር የሚማሩ ልጆች ቶሎ ቶሎ የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ላፕቶፑ ላይ ኢንተርኔት አለ፣ ቪዲዮ ሳይቀር ይከፍታል። ቨርቹዋል ማሽኑ ግን ትንሽ ይሠራና ቀጥ ይላል። ምን ሆኖ ነው?» ይላሉ። እኔ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ኔትወርኩ ምን ላይ እንደተደረገ ነው፤ «ናት» ላይ ነው ወይስ ብሪጅድ ላይ? ብዙዎቹ እርግጠኛ አይደሉም። አንድ ቦታ «ብሪጅድ አድርጉት» የሚል አይተው አድርገውታል፤ ለምን እንደሆነ ግን የነገራቸው የለም። ብሪጅድ ምን እንደሚሠራ የገባው ሰው ግን የመቆራረጡን ምክንያት ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

ቨርቹዋል ማሽን፣ ባጭሩ ቪኤም፣ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። ዊንዶውስ ላይ ቨርቹዋልቦክስ ወይም ቪኤምዌር ትከፍቱና ውስጡ ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ትጭናላችሁ። የራሱ ራም፣ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ ኔትወርክ ካርድ አለው። ካርዱ ግን በእጅ የሚያዝ አይደለም። ስለዚህ ቪኤሙ ወደ ውጭ ሲወጣ የግድ በላፕቶፑ ካርድ በኩል ያልፋል። ቁም ነገሩ በማን ስም ነው የሚያልፈው የሚለው ነው።

በአከራዩ ቆጣሪ መብራት የሚጠቀም ተከራይ አስቡ። መብራት ኃይል የሚያውቀው አከራዩን ብቻ ነው፤ ተከራዩ ቢገባም ቢወጣም መዝገቡ አይነካም። «ናት» የሚባለው አሠራር እንደዚህ ነው። ቪኤሙ የሚልከው ሁሉ በላፕቶፑ ስም ይወጣል፤ ራውተሩ ቪኤም መኖሩን እንኳን አያውቅም። ብሪጅድ ደግሞ ለተከራዩ በራሱ ስም ቆጣሪ እንደማስገባት ነው።

የትኛው ላይ እንዳላችሁ አድራሻው ይነግራችኋል። ቨርቹዋልቦክስ ላይ ቪኤሙ 10.0.2.15 የሚል አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) ካሳየ «ናት» ላይ ናችሁ፤ ጌትዌዩም፣ ማለትም ወደ ውጭ የሚወጣበት በር፣ 10.0.2.2 ይሆናል። ብሪጅድ ላይ ግን ቪኤሙ የራሱን ማክ አድራሻ፣ ማለትም የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር፣ ይዞ ራውተሩ ፊት ይቀርባል። ቨርቹዋልቦክስ የሚሰጠው ማክ አድራሻ በ08:00:27 ይጀምራል። ራውተሩም እንደ ማንኛውም ኮምፒውተር ቆጥሮ ለብቻው አይፒ ይሰጠዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የክፍል ጓደኛችሁ ከራሱ ላፕቶፕ ሆኖ ቪኤማችሁ ላይ ያለውን ዌብሳይት መክፈት ይችላል። ዋጋው ደግሞ ኔትወርኩ ይህን አዲስ እንግዳ መቀበል አለበት። አብዛኛው መቆራረጥ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ዋናው ተጠርጣሪ ዋይፋይ ነው። የዋይፋይ ራውተር የሚያነጋግረው በማክ አድራሻው ተመዝግቦ የገባን ዕቃ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ፓስወርድ አስገብቶ የገባው በአንድ ማክ ነው። ከዚያው ካርድ ላይ ሌላ ማክ የያዘ መልእክት ቢወጣ ራውተሩ አይቀበለውም። ለዚህ ነው ቨርቹዋልቦክስ ዋይፋይ ላይ ዘዴ የሚጠቀመው። የቪኤሙን ማክ አውጥቶ የላፕቶፑን ይተካል፤ መልሱ ሲመጣ ደግሞ በአይፒው ለይቶ ለቪኤሙ ያደርሳል። እንግዲህ ራውተሩ የሚያየው አንድ ማክ ሁለት አይፒ ይዞ ነው። ብዙ ራውተሮች ምንም አይሉም። ጥበቃ የበዛበት ኔትወርክ ግን ይህን እንደ ማጭበርበር ይቆጥረውና ይዘጋዋል። አንዳንድ የስልክ ሆትስፖትም ላይ እንዲሁ አልሆን ይላል። ከላይ ሲታይ ቪኤሙ የተበላሸ ይመስላል፤ እሱ ግን ደህና ነው።

ይህን ለማጣራት ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙት፤ ቪኤሙንም ወደ ኬብሉ ካርድ አዙሩት። መቆራረጡ ከቆመ ጥፋቱ የዋይፋይ ብሪጅ ነው፤ ሌላ ነገር መነካካት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምክንያት እኛን በደንብ የሚመለከት ነው። መብራት ይሄዳል። ራውተሩ ይጠፋል፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪ ይቀጥላል። እናንተም ሥራው እንዳይቋረጥ የስልኩን ሆትስፖት ትከፍታላችሁ። ላፕቶፑ ወዲያው ከሆትስፖቱ አዲስ አይፒ ይወስዳል። ቪኤሙ ግን ብዙ ጊዜ ኔትወርኩ መቀየሩን አያውቅም። በእሱ ዓይን ኬብሉ እንደተሰካ ነው። ስለዚህ ከጠፋው ራውተር የወሰደውን፣ ለምሳሌ 192.168.1.20፣ እንደያዘ ይቀመጣል። ሆትስፖቱ ደግሞ በ192.168.43 የሚጀምር አድራሻ የሚሰጥ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ አይገናኙም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ቨርቹዋልቦክስ ላይ የቪኤሙ መስኮት ሳይዘጋ «ዲቫይስስ» ከሚለው ሜኑ «ኔትወርክ» ውስጥ ግቡና «ኮኔክት ኔትወርክ አዳፕተር» የሚለውን አንዴ አጥፉት፣ መልሳችሁ አብሩት። ኬብል ነቅሎ እንደመሰካት ነው የሚቆጠረው። ቪኤሙ ይነቃና አዲስ አይፒ ይጠይቃል። ሪስታርት ማድረግም ያው ነው፤ ግን ለምን ጊዜ ታባክናላችሁ? ስልኩን በዩኤስቢ ሰክታችሁ ኢንተርኔት የምትወስዱ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። ላፕቶፑ ይህን እንደ አዲስ ኔትወርክ ካርድ ነው የሚያየው። ብሪጅዱ በስም የታሰረው ግን ከዋይፋይ ካርዱ ጋር ነው። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የካርዱን ስም ካልቀየራችሁ ቪኤሙ ማንም የሌለበት በር ላይ ሲያንኳኳ ይውላል።

ተማሪ ቤት የሚበዛው ደግሞ ኮፒ ነው። አንዱ ኡቡንቱውን ይጭናል፤ ሌሎቹ ፎልደሩን በፍላሽ ይወስዳሉ። ማክ አድራሻውም አብሮ ይገለበጣል። ሁለቱ ቪኤሞች አንድ ኔትወርክ ላይ በብሪጅድ ሲከፈቱ ኮምፒውተሮቹን በኬብል የሚያገናኘው ስዊች ግራ ይጋባል፤ አንዴ ለአንዱ፣ አንዴ ለሌላው ይልካል። ምልክቱ የአንዱ ሲሠራ የሌላው መቆሙ ነው። ከኔትወርክ ሴቲንጉ አዲስ ማክ አድራሻ ማመንጨት ይቻላል። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ግን ይህ ብቻውን ላይበቃ ይችላል። አይፒ ሲጠይቅ ራሱን የሚያስተዋውቀው «ኢቲሲ» ፎልደር ውስጥ ካለው «ማሽን-አይዲ» ከሚባለው ፋይል ተነስቶ ስለሆነ፣ ማኩ ቢለያይም ራውተሩ ለሁለቱም አንድ አይፒ ሊሰጥ ይችላል። በኮፒው ላይ ፋይሉን ሳታጠፉ ውስጡን ባዶ አድርጉትና ሪስታርት አድርጉ፤ አዲስ ይፈጥራል።

ቪኤሙን ስትከፍቱ የላፕቶፑም ኢንተርኔት አብሮ ከጠፋ ነገሩ ሌላ ነው። በግቢም ሆነ በመሥሪያ ቤት በአንድ የስዊች ቀዳዳ አንድ ማክ ብቻ እንዲያልፍ ሊደረግ ይችላል። ሁለተኛ ማክ ሲያይ ስዊቹ ቀዳዳውን ይዘጋል። ይህን ለማለፍ መሞከር ተገቢ አይደለም፤ የኔትወርክ ባለሙያውን አነጋግሩ ወይም ወደ «ናት» ተመለሱ።

የትኛው እንደሆነ ለመለየት ፒንግ፣ ማለትም «አለህ?» ብሎ ጠይቆ መልስ የሚጠብቅ ትእዛዝ፣ ይበቃል። ከቪኤሙ ላይ መጀመሪያ ጌትዌዩን፣ ቀጥሎ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጉግል ሰርቨር 8.8.8.8ን፣ መጨረሻ የአንድ ዌብሳይት ስም ፒንግ አድርጉ። ጌትዌዩ ካልመለሰ ችግሩ እዚያው ቤት ውስጥ ነው። 8.8.8.8 እየመለሰ ስሙ እምቢ ካለ ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረውን ዲኤንኤስ እዩ። ላፕቶፑም ላይ ጎን ለጎን ፒንግ ክፈቱ፤ ሁለቱም አብረው ከቆሙ ቪኤሙን አትውቀሱት። ዊንዶውስ የጫናችሁበት ቪኤም በ169.254 የሚጀምር አይፒ ካሳየ ደግሞ አይፒ የሚሰጠው አላገኘም ማለት ነው። የዊንዶውስ ላፕቶፕ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል የዋይፋይ ካርዱን ሊያጠፋም ይችላል፤ ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ የካርዱን ፓወር ማኔጅመንት እዩት።

ለሚማር ሰው የኔ ምክር ብሪጅድን መተው ነው። ፓኬጅ ለማውረድና አፕዴት ለማድረግ «ናት» ይበቃል። ብሪጅድ የሚያስፈልገው ሌላ ኮምፒውተር ቪኤማችሁን ማግኘት ሲኖርበት ነው፤ ያኔም በኬብል ይሁን። ከራሳችሁ ላፕቶፕ ብቻ ወደ ቪኤሙ መግባት ከፈለጋችሁ ሁለት ካርድ ስጡት፤ አንደኛውን «ናት»፣ ሁለተኛውን «ሆስት-ኦንሊ» አድርጉ። ቨርቹዋልቦክስ ለሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ በ192.168.56 የሚጀምር አይፒ ይሰጠዋል። ይህ መስመር ከላፕቶፑ አይወጣም። ራውተሩ ቢጠፋም፣ የስልኩ ዳታ ቢያልቅም በኤስኤስኤች (በኔትወርክ ገብቶ ሌላ ኮምፒውተርን በትእዛዝ ማሠሪያ) የከፈታችሁት መስኮት አይቋረጥም።