ከዲኤንኤ መልክን መገመት ምንድን ነው?

ደሴ ሸዋ በር ላይ ስልኬን ተነጥቄ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ጠና ያሉ ሰው ነበሩ። «መልኩ ምን ይመስላል?» አሉኝ። «ጠይም፣ ጸጉሩ ጥቁር፣ መካከለኛ ቁመት።» እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይሄማ ከዚህ እስከ ፒያሳ ያለው ሰው ሁሉ ነው።»

ስለ ዲኤንኤና መልክ ባነበብኩ ቁጥር እኚህ ሰው ትዝ ይሉኛል።

ወንጀል በተፈጸመበት ቦታ ደም ወይም ጸጉር ሲገኝ፣ ዲኤንኤው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ለማመሳሰል ነው። ተጠርጣሪ አለ፤ ናሙናው ከእሱ ጋር ይገጥማል ወይ? ተጠርጣሪ ከሌለ፣ መዝገብ ላይም የሚገጥም ካልተገኘ፣ ምርመራው ይቆማል። ያኔ ጥያቄው ይቀየራል፦ የዚህ ደም ባለቤት ምን ዓይነት መልክ ይኖረው ይሆን? ከዲኤንኤ መልክን መገመት ማለት ይኸው ነው።

ሂሪስፕሌክስ ኤስ የሚባለው ምርመራ 41 የዲኤንኤ ነጥቦችን አይቶ የዓይን፣ የጸጉርና የቆዳ ቀለም ይገምታል። መልሱ «ይህ የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል ነው» የሚል ነው። ሰማያዊና ቡናማ ዓይንን ጥሩ አድርጎ ይለያል። በመሃል ያሉት ቀለሞች ላይ ይቸገራል። ጸጉሩን ሂና ይቀባ አይቀባ አያውቅም።

ፖሊሶችስ ምን ይላሉ? ዘዴውን በቅርብ የሚያውቁ መርማሪዎች እንደ ጥቆማ እንጂ እንደ ማስረጃ አያዩትም። ሌላው መንገድ ሁሉ ሲያልቅ የሚሞከር ነው። ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2003፣ ጀርመን በ2019 በሕግ ፈቅደውታል።

አንዳንዴ በእርግጥ ይረዳል። በአሜሪካ ሉዊዚያና ፖሊስ ሴቶችን በተከታታይ የሚገድል ነጭ ሰው ይፈልግ ነበር። በ2003 ዲኤንኤው የዘር ሐረጉ በአብዛኛው አፍሪካዊ መሆኑን ሲያሳይ ፍለጋው አቅጣጫ ቀየረ፤ ሰውዬውም ተያዘ።

የካናዳው የኤድመንተን ፖሊስ ግን በ2022 ከዲኤንኤ የተሠራ የአንድ ጥቁር ወጣት ፊት ለሕዝብ ለቀቀ። ዲኤንኤው ዕድሜ አልተናገረም። ሥዕሉ የተሠራው ሰውዬው 25 ዓመቱ ቢሆን ተብሎ ነው። ቁጣ ተነሣ፤ ፖሊስ በቀናት ውስጥ ሥዕሉን አንሥቶ ይቅርታ ጠየቀ። ልክ ነበር ቁጣው። በዚያ ከተማ የሚኖር የእኛ ልጅ ያንን ሥዕል አይቶ እንዴት ተረጋግቶ አውቶቡስ ይሳፈራል?

እኛ ጋ ቢመጣስ? ቡናማ ዓይን፣ ጥቁር ጸጉር ይላል። ደሴን በሙሉ፣ ኮምቦልቻንም ጨምሮ! ግምቱ ሰው የሚለየው ከብዙኃኑ የተለየ መልክ ያለው ሲፈለግ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው ሁልጊዜ የሚወድቀው በጥቂቶቹ ላይ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

የዚያን ቀን ፖሊሱ በዚያ አላበቁም። «አረማመዱስ? ድምፁ? ጠባሳ የለውም?» አሉኝ። ቆም ብዬ አሰብኩ። ስልኬን የነጠቀበት እጅ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ነበረ፤ ከአውራ ጣቱ እስከ አንጓው።

እስክሪብቷቸውን አነሱ።