የካርዳኖ ስቴኪንግና የዋሌት ጥበቃ

ካርዳኖ ኤዳ የሚባል ዲጂታል ሳንቲም የሚንቀሳቀስበት መረብ ነው፤ ሳንቲሙ የሚያዝበት ሶፍትዌር ዋሌት፣ ግብይቶችን በብሎክ እየሰበሰበ መረቡን የሚያስኬደው ኮምፒውተር ደግሞ ፑል ይባላል። የካርዳኖ ስቴኪንግ የኤዳ ባለቤት ሳንቲሙን ከዋሌቱ ሳያወጣ ድርሻውን ለአንድ ፑል ወክሎ፣ ፑሉ ብሎክ በሠራ ቁጥር ከሚገኘው ሽልማት የሚካፈልበት አሠራር ነው። ውክልናው ውልና ማስረጃ ሄደን የምንሰጠውን ይመስላል፤ ልዩነቱ «መሸጥ መለወጥ» የሚለው ሐረግ የለበትም። የፑሉ ባለቤት የወካዩን ሳንቲም ማንቀሳቀስ አይችልም። ሳንቲሙ አይቆለፍም፤ ባለቤቱ በፈለገ ሰዓት ያወጣዋል፣ ይልከዋል። ሳንቲም አስቆልፈው፣ ለማውጣት ወረፋ ከሚያስጠብቁ ሌሎች መረቦች ጋር ሲነጻጸር ይህ የካርዳኖ ትልቁ ብልጫ ነው።

መረቡ ሥራ የጀመረው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ባይረን በሚባለው በዚያ ዘመን ስቴኪንግ አልነበረም። ስቴኪንግ የመጣው ጁላይ 29 ቀን 2020 በሼሊ ማሻሻያ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ የታለመው የፑል ብዛት ከ150 ወደ 500 ከፍ ተደረገ። ፑሎች በየኢፖኩ (5 ቀን በሚቆየው የመረቡ የሂሳብ ዙር) የሚቆርጡት ዝቅተኛ ቋሚ ክፍያ 340 ኤዳ ነበር፤ በ2023 ወደ 170 ወረደ። ለኢትዮጵያውያን የካርዳኖ ስም እንግዳ አይደለም። ገንቢው ድርጅት አይኦኤችኬ መረቡ የተጻፈበትን የሃስክል ቋንቋ በ2019 አዲስ አበባ ላይ አስተምሯል፤ በ2021 ደግሞ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ለ5 ሚሊዮን ተማሪዎች ዲጂታል መታወቂያ እንደሚያዘጋጅ አስታውቋል። ውጤቱ የማስታወቂያውን ያህል አልሆነም የሚሉ ተቺዎች አሉ።

ውክልናው በአንድ ግብይት ያልቃል። ዋሌቱ ላይ ፑል ይመረጥና ይፈረማል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን 2 ኤዳ መያዣ (ወደፊት ተመላሽ ነው) እና ከ0.2 ኤዳ ብዙም የማይርቅ የመረብ ክፍያ ይቆረጣል። ከዚህ ውጭ የሚወጣ ነገር የለም። «ለስቴኪንግ ኤዳህን ወደዚህ አድራሻ ላክ» የሚል ሁሉ ሌባ መሆኑ የሚታወቀውም በዚሁ ነው። የመሥራቹን የቻርልስ ሆስኪንሰንን ፊትና ድምፅ አስመስለው «የላካችሁትን እጥፍ እንመልሳለን» የሚሉ ቪዲዮዎችም ከዚሁ ይመደባሉ።

ብዙ ስርቆት የሚጀምረው ግን ሽልማቱ እስኪታይ ካለው ዝምታ ነው። አንድ ኢፖክ 5 ቀን ነው። ዛሬ የተሰጠ ውክልና የሚመዘገበው ኢፖኩ ሲያልቅ ነው፤ ከዚያ አንድ ኢፖክ ይጠበቃል፣ በሚቀጥለው ድርሻው ይሠራል፣ ሌላ ኢፖክ ለስሌት ይሄዳል። የመጀመሪያው ሽልማት የሚታየው ከ15 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ጀማሪው በአሥረኛው ቀን ዜሮ ሲያይ ይደነግጥና ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ይጠይቃል። በደቂቃዎች ውስጥ የዋሌቱን አርማ ፎቶ ያደረገ «ሰፖርት» በውስጥ መስመር ይጽፍለታል፣ «ዋሌትህን አመሳስል» ብሎ ሊንክ ይልካል፣ ሊንኩም የማገገሚያ ቃላቱን (ዋሌቱን በማንኛውም መሣሪያ ላይ የሚከፍቱትን ምስጢራዊ ቃላት) ይጠይቃል። ቃላቱ ከተጻፉ ዋሌቱ ወዲያው ባዶ ይቀራል፤ የሚመልስ ባንክ የለም። ከዘገየ ሽልማት ይልቅ ሊፈራ የሚገባው በውስጥ መስመር መጥቶ የሚያዋራ ሰው ነው።

የማገገሚያ ቃላቱ እንደ ዋሌቱ 12፣ 15 ወይም 24 ናቸው፤ ሁሉም 2,048 ቃል ካለው አንድ ዝርዝር የተወሰዱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ቃሉን ለይተው ስለሚያሳውቁ ብረት ላይ ለሚቀርጽ ሰው አራቱ ይበቃሉ። ወረቀት ላይ ተጽፈው፣ ሁለት ቅጂ ሆነው በተለያየ ቤት ቢቀመጡ ይመረጣል። ስክሪንሾት አይደረጉም፤ የስልኩ ጋለሪ ራሱ ወደ ክላውድ ይጭናቸዋልና። ቅደም ተከተል ከተዛባ ዋሌቱ ብዙውን ጊዜ ስህተቱን ይናገራል። ነገር ግን በ15 ቃል ከ32 ስህተት አንዱ እንደ ትክክል ሊያልፍና ባዶ ዋሌት ሊከፍት ይችላል፤ ተዘረፍኩ ብሎ ከመጮህ በፊት ወረቀቱን ደግሞ ማየት ነው። የይለፍ ቃሉ ሌላ ነገር ነው፦ ዋሌቱን በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይጠብቃል፣ ቢረሳም በቃላቱ ይተካል።

ጠቀም ያለ ኤዳ ያለው ሌጀር ወይም ትሬዞር (የዋሌቱን ምስጢራዊ ቁልፍ ከኢንተርኔት ውጭ የሚይዙ ትናንሽ መሣሪያዎች) ቢይዝ ይሻላል። ቁልፉ ከመሣሪያው ሳይወጣ ውክልናው እዚያው ይፈረማል። መሣሪያው የፑሉን መለያ በራሱ ስክሪን ያሳያል፤ መታመን ያለበት እሱ እንጂ የኮምፒውተሩ ስክሪን አይደለም። አድራሻ ሲቀዳም ያው ነው። የካርዳኖ መደበኛ አድራሻ 103 ፊደልና አኃዝ ያለው ሲሆን መጀመሪያው የሁሉም ተመሳሳይ ስለሆነ፣ የተቀዳን አድራሻ የሚቀይር ቫይረስ መኖሩ የሚታወቀው መሐሉንና መጨረሻውን በማየት ነው። የሌጀርን 24 ቃላት ሶፍትዌር ዋሌት ላይ መጻፍ ግን ድርብ ጥፋት ነው፦ ቁልፉን የሚያወጣበት ስሌት ስለሚለይ ብዙውን ጊዜ ባዶ ዋሌት ይከፈታል፣ ቃላቱም ኢንተርኔት የነካው ማሽን ውስጥ ገብተዋል።

ዴዳለስ የሚባለው ዋሌት የሚሠራው በኮምፒውተር ብቻ ነው፤ በስልክ «ዴዳለስ» የሚል አፕ ካለ የውሸት ነው። ዮሮይ፣ ኤተርንልና ሌስ ደግሞ በብሮውዘር ኤክስቴንሽን ይመጣሉ፤ ከፍለጋ ማስታወቂያ ሳይሆን ከዋሌቱ ይፋዊ ገጽ ላይ ካለው ሊንክ ይጫናሉ። ዋሌት ውስጥ ሳይጠሩት የሚገባ፣ ስሙ ውስጥ የድረ ገጽ አድራሻ ያለበት ቶከን (በመረቡ ላይ ማንም ሊሠራው የሚችል ሌላ ሳንቲም) ወጥመድ ነው። እውነተኛ ሽልማት በቶከን አይመጣም፤ በስቴኪንግ ሂሳቡ ላይ በኤዳ ይጠራቀማል እንጂ።

ፑል ሲመረጥ ቋሚ ክፍያው፣ የመቶኛ ድርሻውና ሙሌቱ (ምን ያህል ኤዳ እንደተወከለለት) ይታያል። ከልክ በላይ የሞላ ፑል ሽልማቱን ያሳንሳል። ብዙ ሰው ከሳበ በኋላ ድርሻውን ወደ 100 በመቶ የሚያደርስ ፑልም አለ፤ ሳንቲሙ ባይነካም ሽልማቱ ይቆማል። ስለዚህ በወር አንዴ ማየት ይበቃል።

ከጃንዋሪ 2025ቱ የፕሎሚን ማሻሻያ ወዲህ ሽልማት ለማውጣት የድምፅ ውክልናም (በመረቡ አስተዳደር ላይ ድምፅ የሚሰጥለትን መወከል) መስጠት ግዴታ ነው፤ «ድምፀ ተአቅቦ» መምረጥም ይቻላል። ይህን ያላወቀ ሰው ግብይቱ ውድቅ ሲሆንበት ተሰረቅሁ ይላል። ስቴኪንግ የሚያቆም ሰው መጀመሪያ የተጠራቀመውን ያወጣል፣ ከዚያ ምዝገባውን ሰርዞ 2 ኤዳውን ይቀበላል። በመንገድ ላይ ያሉት የመጨረሻ ኢፖኮች ሽልማት ሳይደርስ ከሰረዘ ግን ያ ሽልማት ለእሱ አይከፈልም።