ሜጋፒክስል ምንድን ነው? (ምንስ አይደለም?)

«ያንተ ካሜራ ስንት ሜጋፒክስል ነው?» አለኝ የሙሽራዋ ወንድም። ሐይቅ ከተማ ሰርግ እያነሳሁ ነው። መሽቷል። ድንኳኑ ውስጥ የሚበራው አንድ አምፖል ብቻ ነው። «24» አልኩት። ስልኩን ከኪሱ አወጣና ፈገግ አለ። «የኔ 108 ነው።» ከዚያ በኋላ ማታውን ሙሉ እንደ ረዳቱ ነበር የሚያየኝ።

ይሄን ነገር ደሴም፣ ኮምቦልቻም፣ ወልድያም ሰምቼዋለሁ። ችዬው ኖሬ ነበር። ሰሞኑን ግን ስልክ የሚያስተዋውቅ አንድ ሰው «ሜጋፒክስል ማለት የፎቶ ጥራት ማለት ነው» ሲል ሰማሁትና አላስችል አለኝ።

አይደለም ወንድሜ። ሜጋፒክስል ቆጠራ ነው። ፎቶው ስንት ሚሊዮን ነጥብ (ፒክስል) አለው ነው ጥያቄው። የኔ ካሜራ አግድም 6000፣ ቁልቁል 4000 ነጥብ ያወጣል፤ ሲባዛ 24 ሚሊዮን። አለቀ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል ብርሃን ደረሰው? ጥቁሩስ ጥቁር ነው ወይስ ግራጫ? ቁጥሩ ይሄን አይነግርህም። ደግሞ 108 ከ24 አራት እጥፍ ተኩል ቢሆንም ወርዱን ከወርዱ ብታስተያየው 12000 ለ6000 ነው። ሁለት እጥፍ ብቻ።

ወሎ ነንና በቡና ላስረዳ። ጀበናው ሴንሰሩ ነው፤ ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ገጽ። ቡናው ብርሃኑ። ሲኒዎቹ ፒክስሎቹ። ለ12 ሰው የሚበቃ ጀበና ይዘህ 108 ሲኒ ብትደረድር ቡናው አይበዛም። ለየሲኒው ጠብታ ነው የሚደርሰው። ከጠብታዋ ጋር ደግሞ አተላ ይወርዳል። ሲኒ ሙሉ ቡና ውስጥ ያች አተላ አትታወቅህም። ጠብታ ብቻ ከሆነ ግን የምትጠጣው አተላውን ነው። ማታ የተነሳ ፎቶ ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስለው፣ እኛ ኖይዝ የምንለው፣ እሱ ነው አተላው።

ጀበናው ምን ያህላል? ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ የድሮው የፊልም ካሜራ መጠን። ብዙዎቻችን የምንሠራበት ክሮፕ ሴንሰር 23.5 በ15.6 ገደማ ነው። የ108 ሜጋፒክስሉ ስልክ? 10 በ8 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የጣትህን ጥፍር እየው። እዚያች ላይ ነው 108 ሚሊዮን ሲኒ የተደረደረው።

አምራቾቹ ራሳቸው ያውቁታል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ጋላክሲ ኤስ20 አልትራ 108 ሜጋፒክስል ነው ተብሎ ተሸጠ። ሴቲንጉን ሳትነካ ካነሳህበት የሚሰጥህ ግን የ12 ሜጋፒክስል ፎቶ ነው። ዘጠኝ ዘጠኙን ሲኒ መልሶ ወደ አንድ ይገለብጠዋል። በዚያው ዓመት ሶኒ ኤ7ኤስ 3ን አወጣ። ፉል ፍሬም፣ በጨለማ ለሚቀርጽ የተሠራ፣ 12 ሜጋፒክስል። ሲወጣ ዋጋው ከስልኩ ከሁለት እጥፍ በላይ ነበር።

«አይኤስኦ ከፍ ማድረግ ነዋ!» የሚለኝ አይጠፋም። አይኤስኦ ካሜራው የደረሰውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያጎላው የሚወስን ቁጥር ነው፤ እሱን መጨመር ቶና ማፍላት ነው። አተላው ላይ ውኃ ትጨምራለህ፣ ሲኒው ይሞላል፣ ቡናው ግን ይቀጥናል። ውኃው አተላ አላመጣም፤ ያጠረህ ቡናው ነው። ስለዚህ «አይኤስኦ ፎቶ ያበላሻል» የሚለውም ልክ አይደለም። ፎቶውን የሚያበላሸው የብርሃን ማነስ ነው። ብርሃን የሚያመጣልህ ደግሞ የሌንሱ ቀዳዳና ሹተሩ (የካሜራው መዝጊያ) ክፍት የሚቆይበት ጊዜ ነው። በርካሽ ሌንስ ላይ ውድ ካሜራ ገጥሞ የሚዞር ስንት አለ መሰላችሁ።

ሲኒው ከአፉ የሚፈስበት ጊዜም አለ። ላሊበላ ላይ የገናን ሌሊት ያነሳ ያውቀዋል። ጧፍ፣ ነጭ ነጠላ፣ ከኋላ ጥቁር ድንጋይ። ትንሽ ሲኒ ቶሎ ይሞላል፤ የፈሰሰው አይታፈስም። ነጠላው ነጭ ጨርቅ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ጥበቡ የት እንደገባ አይታወቅም።

አሁን ደግሞ ግማሹን ሰምተው የሚሄዱ አሉ። «ሜጋፒክስል ባነሰ ቁጥር ይሻላል» ይላሉ። እሱም ስህተት ነው። ሁለት እኩል ጀበና ቢኖርህ፣ አንዱን ለ24፣ አንዱን ለ45 ብትቀዳ፣ ቡናው ያው ነው። ሁለቱንም ፎቶ በአንድ መጠን አትመህ ጎን ለጎን ብታያቸው ኖይዙ ያን ያህል አይለያይም። ከየሲኒው ግድግዳ ላይ ትንሽ ትንሽ ይቀራል፣ ያ ልዩነት የሚያስቸግረው ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ነው። ለፍትሕ ያህል የስልክ ሶፍትዌርም ቀላል አይደለም። በአንድ ንክኪ ብዙ ፎቶ አንስቶ ያዋህዳል። ለቆመ ሰው ግሩም ነው። እስክስታ ላይ ያለን ትከሻ ግን እንዴት አድርጎ ያዋህደዋል?

ሜጋፒክስል መቼ ይጠቅማል? ቆርጠህ ስታወጣና በትልቁ ስታትም። ኤ4 ወረቀት በጥሩ ጥራት ለማተም ወደ 9 ሚሊዮን ነጥብ ይበቃል። 30 በ45 ሳንቲሜትር የሆነ የሰርግ አልበም ወደ 19 ይፈልጋል። በ24 አብሽር። ባነር ትልቅ ነው ብለህ አትደንግጥ፤ ከመንገድ ማዶ ነው የሚታየው። ስልክ ላይ ብቻ ለሚታይ ፎቶ ግን ይሄ ሁሉ ክርክር ትርፍ ነው፤ ቴሌግራም እንደ ፎቶ የላክኸውን ያሳንሰዋል። እንደ ፋይል ላኩልኝ ብዬ ለምኜ ሰልችቶኛል።

ያገለገለ ካሜራ ልትገዛ ከሆነ ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ተወው። ሻጩን ሴንሰሩ ስንት በስንት እንደሆነ ጠይቀው። አይኤስኦውን 3200 አድርግና ከባንኮኒው ሥር ያለውን ጨለማ አንሳ። ከዚያ አጉልተህ ጥቁሩን እይ። ቀጥሎ ወደ ደጅ ውጣ፣ የሌንሱን ቀዳዳ f/16 ላይ አጥብበህ ሰማዩን አንሳ። ሴንሰሩ ላይ አቧራ ካለ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ደሴ ከሆንክ ጥርት ያለ ሰማይ አትጠብቅ። የጦሳ ተራራ ጉም ከለበሰ እሰየው፣ ነጩ ላይ ነጠብጣቡ በደንብ ይታያል።